በበቅሎ መንገድ ላይ ሳይክል

ደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ውስጥ መኪና መንገዱን ለአጭር ሰዓት ይዋሰው ነበር እንጂ የመንገዱ ባለቤት አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ማለዳ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የሚነሳው አውቶቡስ አቧራውን አስነስቶ ወደ እስቴ ካቀና በኋላ፣ አልፎ አልፎ የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና ካልመጣ በቀር፣ ያ ሁሉ የጠጠር መንገድ እስከ ማታ ድረስ ለእግረኛ፣ ለአህያና ለበግ መንጋ ይለቀቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርኩ። ክፍል የሌለኝን ቀን እየጠበቅሁ ሳይክሌን ይዤ እወጣለሁ። ዛሬ ሳስበው ያን አገር ያወቅሁት በሁለት ጎማ ነው። በመኪና ብቻ ተመላልሼበት ቢሆን ኖሮ ስሙን እንጂ መልኩን አላውቀውም ነበር።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሰዉ በሳይክል ገበያ ይሄዳል፣ በሳይክል ቤተክርስቲያን ይሳለማል፣ በሳይክል ለቅሶ ይደርሳል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሳይክል የምትነዳ ሴት እኛ ጋ ማንም ዘወር ብሎ አያያትም። የምደባ ደብዳቤዬ ስማዳ ሲል፣ ልብሴንና መጻሕፍቴን ከቋጠርሁ በኋላ ሳይክሌን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንሁ። አባቴ «ልጄ፣ እዚያ እኮ ገደል ነው፤ ማን ይሸከምልሃል?» አለኝ። እንዲያም ሆኖ ረዳቱ ያሰረውን ገመድ በእጁ ሞክሮ አጠበቀልኝ።

ገደሉ እውነት ነው። ባሽሎ ከወሎ በኩል አገሩን ቆርጦ ይመጣና ወደ ደቡብ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ከሁለቱ ሸለቆዎች በላይ ያለው ደጋ ግን እንደሚፈራው አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች እያለ፣ የገብስና የስንዴ ማሳ ለብሶ፣ ሰፋ ብሎ ይተኛል። አስቸጋሪው ጠርዙ ነው። መሬቱ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ይሰበርና ከእግርህ በታች ሌላ አገር፣ ሌላ አየር፣ ሌላ ዛፍ ይታያል። ከላይ ካባ ለብሶ የወጣ ሰው ታች ሲደርስ ነጠላ ይከብደዋል።

የጉዞ ጓደኛዬ ታች ጋይንት ተወልዶ ያደገ የሒሳብ መምህር ነበር። የእሱ ከአንድ ነጋዴ የሚዋሰው ፎኒክስ ሳይክል ነበር፤ ማርሽ የለውም፣ ብረቱ ከባድ ነው፣ ግን አይሰበርም። የእኔው ማርሽ ነበረው። በዳገት እኔ እቀድመዋለሁ፤ ዳገቱ ሲጠና ሁለታችንም ወርደን ስንገፋ ልዩነታችን ይጠፋል። ቅዳሜና እሁድ አጭር አጭሩን እንሄዳለን። ረጅሙን ለየካቲት የትምህርት ቤት እረፍት እናቆየዋለን፤ ያን ጊዜ ወንዙ ሁሉ ጎድሎ መልካው ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገሩታል። ለመልክ ከሆነ ግን ከጥቅምት የሚስተካከል ወር የለም። ክረምቱ መንገዱን አጥቦት ሄዷል፣ አቧራ ገና አልተነሳም፣ ምንጩ ሁሉ ሞልቷል፣ ጤፉ ከአረንጓዴ ወደ ወርቅማ ሊዞር ያመነታል።

ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። ከዚያ ሌላ ጎማ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ መጣፊያ፣ ሁለት መፍቻ። ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው የግራር እሾህ እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። እሾህ ሲወጋን ጎማውን አውልቀን፣ ነፍተን፣ ምንጭ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ጎሚስታ ያለው ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ነበር፤ መሐል ላይ ጎሚስታው ራሳችን ነን። በቁልቁለት የፍሬን ላስቲክ ቶሎ ያልቃል። ጓደኛዬ ከተጣለ የመኪና ጎማ በቢላ ቀርጾ ይሠራ ነበር፤ ያ የሱ ላስቲክ ከፋብሪካው ይልቅ ይቆይ ነበር።

ዋናውን ነገር ያስተማረን አንድ በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። ከታች ጋይንት ደጋ ወደ ቆላው የሚወርድ ጠመዝማዛ ላይ፣ ሳይክሎቻችንን እየገፋን ከኋላቸው ደረስን። ጓደኛዬ «እንዴት ዋሉ አባቴ» ብሎ ሰላምታ አቀረበ። መልሰው፣ ሳይክሎቹን በዓይናቸው ለክተው፣ «ልጆቼ፣ ከበቅሏ ኮቴ አትውጡ፤ እሷ ባልረገጠችበት እናንተም አትርገጡ» አሉን። ያሉትን አደረግን። ጎማዬን በቅሏ በሄደችበት መስመር ላይ ስመራው፣ ከሩቅ ግድግዳ መስሎኝ የነበረው ቁልቁለት ለፍሬን የሚመች ሆነ። ድንጋዩ የላላበትን ትታ፣ ውሃ ያጠበውን ዞራ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቆማ ትሄዳለች። ሽማግሌው እያንዳንዷን መቆሚያ በስም ያውቋታል።

ከዚያ በኋላ መንገድን ሌላ ሆኜ ማየት ጀመርሁ። የጥንቱ የእግርና የበቅሎ መንገድ ተረተሩን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ውሃ በሚለያይበት ጀርባ ላይ። ስለዚህ ወንዝ የሚሻገረው አማራጭ ሲያጣ ብቻ ነው፤ ሲሻገርም ሸለቆው ከሚሰፋበት፣ ውሃው ከሚሳሳበት መልካ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጥላ ያለው ዛፍ ይኖራል፣ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ምንጭ ይኖራል። የመኪናው መንገድ ተራራ ቆርጦ፣ ገደል ሞልቶ፣ ባጠረው በኩል ያልፋል፤ ለመኪና ይህ ትክክል ነው። በጡንቻው ለሚሄድ ፍጡር ግን፣ ሰውም በቅሎም ይሁን፣ አሮጌው መንገድ የተሻለ እውቀት አለው። ሳይክል ብረት ቢሆንም ዝምድናው ከመኪናው ጋር አልነበረም። እንደ በቅሎ ይደክማል፣ እንደ በቅሎ በጠባብ ያልፋል፣ ቆመህ ስታወራ ዝም ብሎ አጠገብህ ይቆማል።

ሥርዓቱም የበቅሎ ሥርዓት ነበር። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤተክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ አስከሬን ሲያልፍ ይወርዳል። እኛም ወረድን። መጀመሪያ ጉዞ የሚያዘገይ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን የጉዞው ልኬት ያ ሆነ። ከመቃረቢያው ወርደህ፣ ደጁን ተሳልመህ፣ ጥላው ሥር አረፍ ብለህ፣ «ከየት መጣችሁ? ዝናቡ እንዴት ነው? እህሉስ?» ለሚለው መልስ ሰጥተህ ነው የምትቀጥለው። የገበያ ቀን ከሆነማ መንገዱ በአህያና በሰው ይሞላል፤ በገበያ ቀን አንነዳም ነበር። የበዓል ቀን ግን ሞፈር አይነሳም፣ ጅራፍ አይጮህም፤ ያን ቀን የምትሰማው ከሩቅ የሚመጣ ከበሮ፣ የቆቅ ድምፅና የራስህ ካቴና ነው።

ደን ስል እንዳያሳስት። የጋይንትና የስማዳ ተራራ በአብዛኛው የታረሰ ነው፤ ገበሬው እስከ ጫፉ ደርሷል፤ ባሕር ዛፉ በየቤቱ ጓሮ ቆሟል። ጥንታዊው ደን የቀረው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጉና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ያ ተራራ ጅብራውንና አስታውን ይዞ ከነፋሱ ጋር ይኖራል፤ ርብና ጉማራ ከሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ሁለተኛው የቤተክርስቲያን ደን ነው። ወጥ በሆነ ማሳ ላይ ስትነዳ ከሩቅ ክብ ጥቁር ነገር ታያለህ። ስትቀርበው ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ አንዳንድ ቦታ ዝግባ ሆኖ ይለያል። ፀሐይ አናትህን ሲመታው ቆይቶ የዛፉ ክበብ ውስጥ እግርህን ስታስገባ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ወፉ ይበዛል። ከደኑ በታች ብዙ ጊዜ ምንጭ አለ። ውሃ ስንፈልግ ካርታ አያስፈልገንም ነበር፤ ጥቁሩን ክብ ፈልገን ወደዚያ ነው።

ይህን ሀብት በሳይንስ ዓይን ያጠኑትን ሰው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው በሌላ ሥራቸው ነው። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምኅዳር ሊቅ ናቸው፤ በኔዘርላንድስ ቫህኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ የተሠራ ነው። ጥናቱ ካሳየው አንዱ ቀላል ግን ከባድ ነገር ነው፤ ከብት የገባበት ደን ውስጥ ትልልቁ ዛፍ ቢኖርም ችግኝ አይተካም። ትልልቁ ሲያረጅ ተተኪ የለም ማለት ነው። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው መፍትሔ ያደረጉት ከአገሩ የወጣ ነገር ነው፤ ገበሬው ከማሳው የሚለቅመውን ድንጋይ ደኑን ዙሪያውን መካብ። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑ ከከብት ይጠበቃል። እኛ በምንነዳበት ጊዜ ይህን ጥናት አናውቅም ነበር፤ ግን ካብ ያለው ደን ውስጥ ከዛፉ ሥር ቡቃያ እንዳለ፣ ካብ የሌለው ውስጥ እግርህ የሚረግጠው ባዶ አፈር እንደሆነ ዓይናችን አይቶ ነበር። ደብሩን የሚጠብቁ ካህን አንዱን ወይራ በእጃቸው እየዳሰሱ «ይህን የተከለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚቆርጠው ግን ይታወቃል» ያሉን ያኔ ነው።

ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ ያለው መንገድ ሌላ ታሪክ አለው። ቻይናውያን የሠሩት ዋናው የወረታ ወልድያ መንገድ ስለሆነ፣ መኪናው እንደ ስማዳ አይደለም። እኛ በበዓል ማለዳ ብቻ ነበር የምንወጣበት። ያን ሰዓት ደመናው ከታች ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቶ፣ አንተ ከላይ ትነዳለህ። በዚሁ ጋይንት አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. አልፈዋል። ክረምቱ እንደወጣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ፤ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን፣ በጋሪ ላይ ጭነው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። የበቅሎ መንገድ ያን ጋሪ አይችለውም። ስለዚህ መንገድ እየጠረጉ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየደለደሉ ሄዱ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ደብረ ዘቢጥን ወጥተው፣ ቤተ ሆርን አልፈው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ ባሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሁሉም ነገር አበቃ።

ጨጨሆ ላይ ሳይክሌን አቁሜ ቁልቁል ሳይ ያ ጋሪ ነው የሚታሰበኝ። በጠፍርና በትከሻ የሚጎተት ጎማ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተራመደ። በዚያ አገር ላይ ከኔ በፊት ጎማ ያሽከረከረ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ አድክሞ ነው ያሽከረከረው። የኔን ጎማ ግን አንድ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ቀና ብሎ ዘቢጥን አየና «እዚያ ላይ ሰባ ኩንታል!» ብሎ ዝም አለ። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ቁጥሩን በልቡ እየለካው ነበር።

ከሁሉም ጉዞ ውስጥ ዛሬም ሕልሜ ውስጥ የሚመላለሰው ቤተልሔም ነው። ጋይንት ውስጥ ያለው ይህ ደብር የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የትም የተማረ የድጓ መምህር ዕውቀቱን እዚህ መጥቶ ያስመሰክራል፤ ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ አለ፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰበት ነው ይባላል። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. በበቅሎ ሲዞር ቤተልሔም ደርሶ፣ ከክቡ የሣር ክዳን ውስጥ በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን ባለ አራት ማዕዘን ቤተክርስቲያን አይቶ ተደንቋል፤ በኋላም ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ለጋይንት ሰውና ለቆሎ ተማሪው ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሲማሩበት ኖረዋል።

ወደዚያ ስንወርድ በመንገዱ ላይ የምናገኛቸው ቆሎ ተማሪዎች ነበሩ፤ ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ ያነገቱ። አንዱ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ፣ ሌላው ከወሎ ባሽሎን ተሻግሮ የመጣ ነው። እግራቸው ከኛ ጎማ ይፈጥናል፤ ዳገት ላይ ጥለውን ይሄዱና ጥላ ሥር ይጠብቁናል። የኔን ሳይክል በየተራ እየገፉ ከኛ ጋር ደብሩ ድረስ መጡ። ማታ ከየጎጆው የሚወጣው የድጓ ድምፅ ሸለቆውን ሞልቶት አመሸ። እሳት የለም፣ መብራት የለም፤ በቃል ያለውን በጨለማ ይቀጽሉታል። በማግስቱ ጠዋት የኔታ ወጡ፤ ሳይክሌ ካቡ ላይ ተደግፎ ነበር። ጠጋ ብለው በመቋሚያቸው ጎማውን ነካ አደረጉት። አንዱ ተማሪ ለማሳየት ትንሽ ነዳው፤ ሲያቆም ተንገዳገደ። የኔታ ፈገግ ብለው «ሲሄድ የሚቆም፣ ሲቆም የሚወድቅ!» አሉ። ተማሪዎቹ ወርቅ እንደተፈታላቸው ሁሉ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ እያነሱ ሲጥሉት ዋሉ። ስንሰናበት የኔታ እጃቸውን ዘርግተው «መንገዱን የጨርቅ ያድርግላችሁ» ብለው መረቁን።

ከቤተልሔም ወዲያ ወደ ባሽሎ አፋፍ ስንወጣ ሳይክል የሚነዳበት መሬት ያልቃል። ከአፋፉ በታች ሸለቆው ተደራርቦ ይወርዳል፤ በበጋ ወንዙ ነጭ አሸዋ ላይ የተጣለ ክር ነው። ማዶ ወሎ ነው፤ የመቅደላም አምባ ከነዚያ ሰማያዊ ጀርባዎች መሐል ነው። መሸብንና አንድ ቤት ደጅ ቆመን «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» አልን። ውሻው ተያዘ፣ በሩ ተከፈተ። እማወራዋ እግራችንን ለማጠብ ውሃ አሞቁ፤ እኔ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት እግሬን ሊያጥቡ ሲጎነበሱ ልከላከል ስል፣ አባወራው «ተው ልጄ፣ መንገደኛ ነህ» ብለው አስቆሙኝ። ሳይክሎቹን ለብቻ ውጭ አላሳደሯቸውም፤ ከጥጆቹ አጠገብ ጋጣ ውስጥ አስገቡልን። ስለ ዋጋቸው የጠየቀን አልነበረም። የጠየቁን ወላጆቻችን በሕይወት እንዳሉ ነው።

አገራችን ስለ ሳይክል ስታስብ ውድድር ነው የሚታወሳት፤ እሱም ኩራት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ሳይክል ነጂዎች ነበሩን፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አዲስ አበባም አሁን በኮሪደሩ ላይ የሳይክል መንገድ አበጅታለች፤ ሳየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ባየሁት ቁጥር የሚያሳስበኝ የሌላው መንገድ ነገር ነው፤ ማንም በቀለም ያላሰመረው፣ ከደብር ወደ ደብር፣ ከመልካ ወደ መልካ የሚሄደው። በየአካባቢው የመኪና መንገድ ሲወጣ፣ መውጣቱም ግድ ነው፣ ወላድ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፣ አሮጌው ተረተር ይረሳል። ጥቂቱ ይታረሳል፣ ጥቂቱን ጎርፍ ይበላዋል። መቆሚያዎቹን በስም የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። እነዚያን ስሞች የሚጽፍ ሰው ቢገኝ፣ ከየደኑ ካብ ጋር እኩል የሚቆጠር ሥራ ሠራ እላለሁ።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልሉ ካለው ጦርነት የተነሳ መንገዱ እንደልብ አይኬድበትም። ስማዳ ያሉ ወዳጆቼን የማገኘው ስልክ ሲሠራ ነው። ጓደኛዬ አሁንም ጋይንት ነው፤ ያን ፎኒክስ ነጋዴው ሸጦለት የራሱ አድርጎታል።

በቅርቡ ወገዳ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ባሕር ዳር የሚሠራ ልጅ ሳይክል ገዝቶ መጣና «ጋሼ፣ ሰላም ሲሆን ያን መንገድ ልሄደው ነው፤ በየት በየት ነበር?» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ተረተሮቹን ሳልሁለት። ከጥቅምት አጋማሽ በፊት እንዳይነሳ፣ በገበያ ቀን እንዳይነዳ፣ ትርፍ የፍሬን ላስቲክ እንዲይዝ፣ ውሃ ከደኑ በታች እንዲቀዳ ነገርሁት። ከቤተልሔም በኋላ የእኔ ሥዕል ትክክል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ጥግ ላይ የጓደኛዬን ስልክ ጽፌ «እዚያ ስትደርስ ደውልለት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱ ይመራሃል» አልሁት።